ሰዓት የማያውቅ አበባ

ፀጉር ማቃጠል ብርቅ አይደለም፤ እሳትና ፀጉር ባሉበት ሁሉ ያጋጥማል። የገዛ እህቱን ፀጉር፣ በሠርጓ ዋዜማ፣ የእጅ ሰዓት እያየ ያቃጠለ ሰው ግን በአምቦ ከተማ ከእኔ ሌላ ያለ አይመስለኝም። ካለ ይምጣና እንተዋወቅ፤ የምንጫወተው አናጣም።

እኔ ዝምተኛ ነኝ። ዝምተኛ ሰው ብዙ ያውቃል ይባላል፤ ይህን ያስወራው ራሱ ዝምተኛ ሳይሆን አይቀርም። የማውቀውን ሁሉ የተማርኩት ለብቻዬ ነው። መሥሪያ ቤት ታይፕ እመታለሁ፤ ታይፑን የተማርኩት ግን ካርቶን ላይ ነው። ፊደሎቹን በየቦታቸው ስዬ ስድስት ወር ሙሉ ካርቶኑን በጣቴ ስደበድብ ከረምኩ። ለፈተና እውነተኛው መኪና ፊት ስቀመጥ ጣቶቼ ሁሉንም ያውቁ ነበር፤ መኪናው እንደሚጮህ ግን አላወቁም። በመጀመሪያው ፊደል ደንግጬ ከወንበሩ ተነሣሁ። ፈታኙ አለቃ ያከበርኳቸው መስሏቸው እሳቸውም ተነሡ።

በዚህ ላይ የመለካት በሽታ አለብኝ። ከቤቴ እስከ መሥሪያ ቤት ሁለት ሺህ አርባ እርምጃ ነው፤ በክረምት ጭቃው ወደ ኋላ ስለሚመልስ ወደ ሁለት ሺህ መቶ ይጠጋል። እህቴ ታደለች፣ አንተ ስትሞት እንኳ ጉድጓዱ ልክህ መሆኑን ሳታይ አትገባም ትለኛለች።

ታደለች ታጨች። ያጫት መምህር ፈይሳ ይባላል፤ አምቦ ተምሮ አገሩ ጎጆ ከተማ ተመልሶ የሚያስተምር፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን ደግ ልጅ ነው። ጎጆን ለማያውቃት፣ ከአምቦ በግንጪ ዞረው የሚወጡባት፣ ገብስና ድንች የሚበቅልባት፣ በግ ከነፀጉሩ የሚበርደው ደጋ ናት።

የፈይሳ እናት አዴ ጫልቱ ልጅቱን ለማየት በጥር ወር ቤታችን መጥተው ነበር። ብዙ አልተናገሩም። ስለ ከብቱ፣ ስለ አዝመራው ከእናታችን ጋር ተጠያየቁ፤ ሲነሡ እጃቸውን ከታደለች ነጠላ ሥር አስገብተው ፀጉሯን ዳሰሱና፣ እሳት ያልነካው ነው፣ ደስ ይላል አሉ። በዚያን ጊዜ የከተማው ኮረዳ ሁሉ ፀጉሯን በጋለ የብረት ማበጠሪያ ታስዘረጋ ነበር። አዴ ጫልቱ ያንን ብረት እንደ ጋኔን ነው የሚጠሉት። ፀጉሯን በእሳት የምትጠብስ ልጅ ቤቴ አትገባም ብለው ለሽማግሌዎቹ አስቀድመው አስታውቀዋል። ታደለችም ብረት እንደማታስነካው ቃል ገባች። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ቃሉን የገባችው እሷ ናት፣ ያፈረስኩት እኔ ነኝ።

ነገሩ የጀመረው በአበባ ነው። አንድ አሮጌ የፈረንጅ መጽሔት አለኝ፤ እንግሊዝኛ የተማርኩት ከእሱና ሽፋኑ ከተገነጠለ መዝገበ ቃላት ነው። በመጽሔቱ ውስጥ አንዲት ሙሽራ ግንባሯ ላይ ሕያው አበባ በመስመር ሰክታ ትታያለች። እኛ ዘንድ ሙሽራ የምትሰካው የጨርቅ አበባ ነው፤ ከአዲስ አበባ በካርቶን ይመጣል፣ በውሰት ይዞራል፣ አንዱ አበባ አምስት ስድስት ሙሽራ ይድራል። ታደለች ሥዕሉን ረጅም ጊዜ አየችና የሚጠወልግ አበባ ነው የምፈልገው አለችኝ። ለምን ብላት የዚያን ቀን ብቻ እንዲሆን ነው አለች። እህቴ እንዲህ ያለ ነገር ስትናገር ሰምቼ አላውቅም ነበር። እሺ አልኳት። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ አበባ እንጂ ሌላ ማሰብ አልቻልኩም።

ፍል ውሃው አጠገብ ካለው ሆቴል ግቢ ውስጥ ኦቦ ደበላ የሚባሉ አትክልተኛ አሉ። እሳቸው ዘንድ አንድ አበባ አለ፤ መልኩ ብርቱካንማ፣ መሐሉ ጠቆር ያለ፣ ሲከፈት የሲኒ አፍ የሚያህል፣ ሲዘጋ እንደ ሕፃን ጣት የሚቀጥን። ዘሩን አንድ ፈረንጅ በፖስታ አምጥቶ ስሙን ሳይናገር ሄዷል። ኦቦ ደበላ በኦሮምኛ ደራራ አዱ ይሉታል፤ የፀሐይ አበባ ማለት ነው። ጠዋት ከገንዳው የሚነሣው እንፋሎት መደቡን ሲሸፍነው፣ በእንፋሎቱ ውስጥ አንድ በአንድ ሲገለጥ ሳየው፣ ከእንግዲህ ሌላ አበባ አላይም አልኩ።

«ይህ አበባ ጠባዩ ክፉ ነው» አሉኝ ኦቦ ደበላ። «ፀሐይ ካላየ ሰው አያይም።»

እኔ ግን የጠየቅኋቸው ስንት ሰዓት ላይ እንደሚከፈት ነበር። እሳቸው ሰዓት እንደሌላቸው ነገሩኝ። ስለዚህ ራሴ አጠናሁት። ዐሥራ አንድ ቀን የዓመት ፈቃዴን ወስጄ፣ ከጠዋት እስከ ማታ መደቡ አጠገብ ተቀምጬ በደብተር መዘገብኩ። በሦስት ሰዓት ከሃያ ይከፈታል፤ በዐሥር ሰዓት ከሩብ ይዘጋል። ዐሥራ አንዱም ቀን ብራ ነበር። ይህንን አልመዘገብኩም፤ ብራ መሆኑ ከአበባው ጋር ምን አገናኘው?

ከተቆረጠ በኋላ በየትኛው ውሃ እንደሚቆይ ለማወቅም በሦስት ብርጭቆ ሞከርኩ፤ አንዱ የሁሉቃ ወንዝ ውሃ፣ ሁለተኛው የጉድጓድ፣ ሦስተኛው ከምንጩ የቀዳሁት የሚፈላው የአምቦ ውሃ። በአምቦው ውሃ ውስጥ ግንዱ በሙሉ ጨሌ የለበሰ ይመስል በአረፋ ተሸፈነ፤ ሌሎቹ አንገታቸውን ሲደፉ እሱ አልደፋም። እናቴ ብርጭቆዎቹን አይታ፣ ሆዱን የሚያመው አበባ አገኘህ ወይ አለች።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። የዳግም ትንሣኤ ማግሥት ሳምንት ነው፣ ቅዳሜ ቀን፤ ሠርጉ እሑድ። ከኦቦ ደበላ መደብ የቆረጥኳቸውን ሰባት አበባዎች በታደለች ፀጉር ላይ ሰክቼ ስሞክር አልሰመሩም። ፀጉሯ ጥቅልል ስለሆነ አንዱ ወደ ሰማይ ያያል፣ አንዱ ወደ ጎረቤት ያያል። በመጽሔቱ ላይ ግን ሁሉም እኩል ተራርቀው ቀጥ ብለው ቆመዋል። ሥር ያለው ፀጉር ለስላሳ ስለሆነ ነው። አራት ጣት የሚሆን ቦታ ብቻ፣ ግንባሯ ላይ ብቻ፣ ጥቂት ብረት ቢነካው ማን ያውቃል አልኳት። አበባው ይሸፍነዋል። ታደለች እምቢ አለች። እኔ ስለ መስመር፣ ስለ ርቀት፣ ስለ እኩልነት አስረዳሁ። በዓመት አንዴ ብዙ የምናገርበት ቀን አለ፤ የዚያ ዓመቱ በዚያ ቀን ዋለ።

ጎረቤታችን እትዬ ወርቄ ብረቷን ይዛ መጣች። የሰፈሩን ፀጉር ሁሉ የዘረጋች ባለሙያ ናት። ብረቱን ከፍም ላይ ታወጣና መጀመሪያ ቁራጭ ጋዜጣ ታስነካዋለች፤ ጋዜጣው ቡናማ ከሆነ ትጠብቃለች፣ ካልሆነ ፀጉር ላይ አሳርፋ ሳትቆም ትስባለች። ብረት በጋዜጣ ነው የሚጠየቀው ትላለች። እኔ መጽሔቱን አሳየኋት። ማበጠሪያው ፀጉሩ ላይ ቆሞ እስከ ዐሥራ ሁለት ይቆጠራል ይላል ጽሑፉ። በሥዕሉ ላይ ያለው ማበጠሪያ ረጅም ጥቁር ጭራ አለው። ጭራው ግድግዳ ላይ ማንጠልጠያ መስሎኝ ነበር። የኤሌክትሪክ መሆኑ የገባኝ ከሠርጉ በኋላ ነው፤ የእነሱ ማበጠሪያ ሙቀቱን ከግድግዳው፣ የእኛ ከፍሙ እንደሚጠጣ ማን ነገረኝ?

እትዬ ወርቄ ጋዜጣዋን አስቀመጠች። የተማረ ሰው ያለውን ልስማ ብላ ብረቱን አሳረፈች። እኔ ሰዓቴን እያየሁ ቆጠርኩ። ሰባት ላይ ሽታ መጣ። እትዬ ወርቄ ቀና ብላ አየችኝ። አምስት ቀርቷል ለማለት ጣቶቼን አሳየኋት። ዐሥራ ሁለት ስል ማበጠሪያውን አነሣች፤ ፀጉሩም አብሮ ተነሣ።

የሲኒ አፍ የሚያህል ቦታ፣ ከግንባሯ በላይ፣ ገለባ ከተቃጠለበት ማሳ የቀረ መሬት መስሎ ቁጭ አለ። ታደለች መስተዋቱን ጠየቀች፤ አየች፤ አላለቀሰችም።

«አበባው ይሸፍነዋል» አልኳት።

«አዴ ጫልቱ እጃቸውን ያስገባሉ» አለች።

ያልጠየቅሁት ይህን ነበር። በእነ ፈይሳ ወግ ሙሽራ እንደገባች አማቷ በሴቶቹ ሁሉ ፊት ለጋ ቅቤ አናቷን ይቀቧታል፤ ልጄ ነሽ ማለት ነው። ቀብተውም ስለ ልጅቱ አንድ ቃል ይናገራሉ፤ ያ ቃል በአገሩ ይዞራል። ያ ቃል ምን ሊሆን እንደሚችል እኔና ታደለች በየልባችን ሰማነው። እትዬ ወርቄ ብረቷን ጠቅልላ፣ እኔ ዛሬ እዚህ አልመጣሁም ብላ ወጣች።

ሌሎቹ ወደ እንቅልፍ፣ እኔ ወደ ሒሳብ ሄድን። ቅቤ የሚቀባው መሐል አናት ላይ ነው። ቃጠሎው ግንባር ላይ ነው። ሰባቱ አበባዎች ተከፍተው ከቆሙ የአዴ ጫልቱ እጅ በኋላቸው ያልፋል። ከአምቦ በአምስት ሰዓት እንነሣለን፣ ጎጆ በስምንት እንገባለን፣ አበባው የሚዘጋው በዐሥር ከሩብ ነው። ከሁለት ሰዓት በላይ ትርፍ አለን። ደብተሬን ዘግቼ እንደ ጻድቅ ተኛሁ።

እሑድ ጠዋት አበባዎቹን ከአምቦው ውሃ አውጥቼ፣ ግንዳቸውን በረጠበ ጥጥ ጠቅልዬ፣ በፀጉር ሽቦ አንድ በአንድ ሰካኋቸው። ገና ጣት መስለው ነበር። ታደለች ከቤቱ ወደ ዳሱ ስትወጣ ፀሐይ ከግቢያችን ዋርካ ቅጠል መሐል በስሱ እየፈሰሰች ነበር። ሦስት ሰዓት ከሃያ አምስት። ደጃፉ ላይ ቆመች፤ ሚዜዎቹ መዝፈናቸውን ተዉ። አበባዎቹ ማንም ሳይነካቸው፣ ሰው ከእንቅልፉ ዐይኑን እንደሚገልጥ ሆነው፣ ከግራ ወደ ቀኝ ተከፈቱ። አንዲት አሮጊት ዕልል ማለት ጀምረው ድምፃቸው ቀረ። ፈይሳ አፉን በእጁ ሸፈነ፤ ግን አልሳቀም። እኔ ሰዓቴን ማየት ረሳሁ። በሕይወቴ የረሳሁት ያኔ ብቻ ነው፤ እህቴ እንደዚያ ቆንጆ መሆኗን ሃያ ዓመት አብሬያት ኖሬ አልመዘገብኩትም ነበር።

የሙሽሪት ወንድም ሙሽራዋን ተከትሎ አማት ቤት መሄዱ ወግ አይደለም። እኔ ግን አበባው ጠባቂ ያስፈልገዋል ብዬ ሙሽሮቹ ከሚሄዱበት ላንድሮቨር ኋላ ከሻንጣዋ ጋር ገባሁ። ሌላው አጃቢ በሎንቺና ተከተለ።

እስከ ግንጪ መንገዱ ሕልም ነበር። የደንዲ ሜዳ የበልግ ቡቃያ ለብሷል፤ ከብቶቹ ራቅ ብለው ቆመው የተሳሉ ይመስላሉ፤ በመስኮቱ የገባው ብርሃን አበባዎቹ ላይ ቁጭ ብሎ አብሮን ይጓዛል። ከግንጪ ወደ ሰሜን ስንታጠፍ ግን ደመና መጣ። ሰዓቴን አየሁ፤ ስድስት ተኩል። ቀና ብዬ ስመለከት የመጀመሪያው አበባ ጫፉን ሰብስቧል።

ስድስት ተኩል ነው እኮ! ሰዓቴን ወደ ጆሮዬ አስጠግቼ አዳመጥኩ፤ ይሄዳል። ደብተሬን ገለጥኩ፤ ዐሥር ከሩብ ይላል። ሁለተኛው ተዘጋ። ከኋላ ጎንበስ ብዬ ትንፋሼን ሰጠኋቸው። ታደለች፣ ወንድሜ ማጅራቴን ለምን እፍ እፍ ትለዋለህ ብላ በቀስታ ጠየቀች። ሦስተኛው ተዘጋ አልኳት። ከዚያ በኋላ አልጠየቀችኝም፤ እጇን ብቻ ወደ ግንባሯ አነሣችና መለሰችው። የኦቦ ደበላ ቃል በዚያን ጊዜ ተመልሶ መጣ። አበባው ሰዓት አያውቅም። የሚያውቀው ፀሐይንና ሙቀትን ነው። እኔ ዐሥራ አንድ ቀን ሙሉ ፀሐይዋን ስመዘግብ ኖሬ የአበባው ጠባይ መስሎኛል።

ጭልሞ ጫካ ጋ ስንደርስ የሞተሩ ሙቀት ትዝ አለኝ። ሾፌሩን ውሃ ይጨመርላት ብዬ አስቆምኩት። ታደለችን አወረድኩና ኮፈኑ ላይ ጎንበስ በይ አልኳት። በጭጋጉ ውስጥ፣ በዝግባዎቹ ሥር፣ ነጭ የለበሰች ሙሽራ የላንድሮቨር ኮፈን ላይ ግንባሯን አስጠግታ ቆመች። ሚዜዎቹ ከሎንቺናው ወርደው ቆባቸውን አወለቁ፤ የምትጸልይ መስሏቸዋል። አንዱማ አሜን አለ። ፈይሳ ቀረብ ብሎ፣ መኪና ያዞራታል እንዴ ብሎ ጠየቀኝ። አዎ አልኩት። ውሸት ስለማልችልበት ቀጥዬ፣ አበባዎቹንም ያዞራቸዋል አልኩ። ሦስቱ በትክክል ተከፈቱ። ከጫካው ዳር ጠምበለል በየቁጥቋጦው ነጭ ሆኖ ያብባል፤ ለፀሐይም ለደመናም ግድ የለውም፤ ሽታው መንገዱን ሞልቶታል። አንድ እቅፍ ቆርጬ ብሰካ ኖሮ ነገሩ ሁሉ ባለቀ ነበር። በእቅዴ ውስጥ ጠምበለል አልነበረም። ዝም ብዬ አለፍኩት።

ጎጆ ስንገባ በረዶ ጥሎ አባርቷል፤ መሬቱ ነጥቷል። ሰባቱም ተዘግተዋል። ስምንት ሰዓት ከዐሥር ነበር፤ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ሰዓት አክብሬ የደረስኩበት፣ ማክበሩም እንደዚያ ያልጠቀመኝ ጊዜ የለም።

ቤቱ ሰፊ ነው፤ መሐሉ ላይ እሳት ይነዳል፤ ሴቶቹ ዙሪያውን ተቀምጠዋል። ታደለች በዱካ ላይ ተቀመጠች። አዴ ጫልቱ በኮባ ቅጠል ላይ ለጋ ቅቤ ይዘው መጡ፤ ከመኪናው ስትወርድ የተከናነበችውን ቬል በቀስታ ወደ ኋላ ገለጡት። ሰባት የሕፃን ጣቶች ወደ ላይ ይጠቁማሉ፤ በመካከላቸው የተቃጠለው ማሳ ወለል ብሎ ይታያል። ግን ለአዴ ጫልቱ ብቻ ነው የሚታየው፤ ቁመታቸውና ነጠላቸው ሴቶቹን ከልለዋል። እኔ ከበሩ ጋ ሆኜ በክንዳቸው ሥር አየሁት።

እጃቸው አየር ላይ ቆመ። እኔ መቁጠር ጀመርኩ፤ ልማድ ነው። አምስት ላይ ወደ ታደለች ጆሮ ጎንበስ ብለው፣ «ማል ታቴ?» አሉ፤ ምን ሆንሽ ማለታቸው ነው። ታደለች ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ብዙ ተንቀሳቀሰ። ከመጽሔቱ ጀምራ ነው የምትነግራቸው። አዴ ጫልቱ ቀና ብለው ቤቱን ሁሉ ዞረው እኔን ፈለጉ፤ አገኙኝም።

ከዚያ ከቅቤው በእጃቸው ሙሉ ዘገኑ። መሐል አናቷ ላይ አይደለም፤ ከግንባሯ ጀምረው፣ ቃጠሎው ላይ ወፈር አድርገው፣ ቁስል እንደሚታከም እየዳበሱ ወደ ኋላ ወሰዱት። ሲጨርሱ በኦሮምኛም በአማርኛም ተናገሩ።

«በጥር የዳሰስኳት ልጅ ራሷ ናት።»

ዕልልታው ጣራውን ሊያነሣው ደረሰ። ታደለች በጠዋቱም፣ በዋዜማውም ያላለቀሰችውን ያኔ አለቀሰች። አማቷ ቅቤው ዐይኗ ገባ ብለው በነጠላቸው ጠረጉላት።

ወደ ማታ፣ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ሲቃረብ፣ አዴ ጫልቱ በጣታቸው ጠሩኝ። እሳቱ ዳር ቁጭ ብለው ለእንግዳ የሚሆን ገብስ ይቆላሉ።

«አበባውን ያመጣኸው አንተ ነህ?»

«አዎ፣ አዴ።»

«እስከ ስንት ቆጠርክ?»

«እስከ ዐሥራ ሁለት።»

ገብሱን አማሰሉ። አሰቡበት። «ገብስ እንኳ ያን ያህል አይታገሥም» አሉ። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት እጃቸውን አነሡ። «ፀጉር ይበቅላል። ብትዋሸኝ ኖሮ ግን ውሸቷን ምን ቅቤ እቀባው ነበር?»

ከዚያ ማማሰያውን እጄ ላይ አኖሩና ቦታቸውን ለቀቁልኝ። «ቁላ፣ ያ ኢልማ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ሳትቆጥር። ሲደርስ ሽታው ይነግርሃል።»

ቆላሁ። አልቆጠርኩም። ገብሱ በቀስታ ይንሾካሾካል፤ ሽታው መጣ፤ ከሽታው ጋር አንድ ዓይነት ሰላም መጣ። በእሳቱ ማዶ ታደለች ከፈይሳ ጎን ተቀምጣለች፤ ግንባሯ በቅቤ ያበራል፤ የእሳቱ ወላፈን ፊቷ ላይ ይጫወታል። በድንገት ከግራ በኩል አንድ አበባ ዐይኑን ገለጠ። ሁለተኛው ተከተለው። በውጭ ፀሐይዋን ደመና ውጧታል፣ ደጁ በረዶ ነው፣ በደብተሬ ሕግ ከተኙ ሁለት ሰዓት ሊሞላቸው ነው፤ እነሱ ግን እሳቱን ፀሐይ አድርገው ከቅቤው መሐል ብርቱካን መልክ አውጥተው አንድ በአንድ ይነሣሉ። ፈይሳ አያቸው። አፉን መሸፈን ረሳ። ሰባተኛው ሲከፈት እጄ ወደ ኪሴ ገባ፤ ደብተሬን አወጣሁ፤ ሰዓቴን ወደ እሳቱ ብርሃን አዘንብዬ፣ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ከሰባት ደቂቃ ብዬ በጥንቃቄ ጻፍኩ።

«ልጄ» አሉ አዴ ጫልቱ ከኋላዬ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ገብሱ አረረ።»